ቲካግሬሎር ሲጠፋ፦ ስቴንት ለገባለት ሰው የትኛው መድኃኒት?

ከሐዋሳ የደረሰን ጥያቄ፦

«አባቴ 63 ዓመታቸው ነው፤ የስኳር ሕመምም አለባቸው። በጥቅምት ወር መጨረሻ ሌሊት ላይ ደረታቸውን ጨምድዶ ይዟቸው፣ ወደ አዲስ አበባ ተልከው የልባቸው ደም ሥር ውስጥ አንድ ስቴንት ገባላቸው። አስፕሪን በቀን አንድ ጊዜ፣ ቲካግሬሎር በቀን ሁለት ጊዜ ታዘዘላቸው። አሁን አራተኛ ወራቸውን ይዘዋል። ቲካግሬሎር አንዳንድ ጊዜ ከተማውን ዞረን እናጣዋለን፤ ሲገኝም ዋጋው ከአቅማችን በላይ እየሆነ ነው። መድኃኒት ቤት ‹ክሎፒዶግሬል ያው ነው› አሉን። ጎረቤታችን ደግሞ ‹እሱ ደካማው ነው፤ ስቴንቱ ይዘጋል› ብለው አስደነገጡን። አባቴ ራሳቸው ‹ሽቦው ገብቷል፣ መንገዱ ተከፍቷል፤ ጨጓራዬን የሚያቃጥለኝን ሁሉ ለምን እውጣለሁ?› ይላሉ። ለጨጓራቸው ባክቴሪያ አለ ተብሎ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ታዞላቸዋል፤ ገና አልጀመሩም። ጥርስ ለማስነቀል ቀጠሮ ይዘዋል፤ ዐቢይ ጾምም ደርሷል። የቱን እንምረጥ?»

መልሱን አስቀድሜ ላስቀምጥ። አባትዎ እስከሚቀጥለው ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ሁለት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ አስፕሪንና ከእሱ ጋር ሌላ አንድ። ያ ሌላው ቲካግሬሎር ሊሆን የሚችለው ሳይቆራረጥ ማግኘት ከቻላችሁ ብቻ ነው። ካልቻላችሁ ክሎፒዶግሬል ይሁን። ለውጡ ግን በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም፤ በልብ ሐኪም ትእዛዝ፣ ቀንና ሰዓት ተቆጥሮ የሚደረግ ነው። ለጨጓራ የታዘዙትን ሦስቱን መድኃኒቶች ደግሞ ለልብ ሐኪማቸው ሳያሳዩ አንዱንም እንዳይጀምሩ።

ከተጠቀሱት ሦስት አባባሎች አደገኛው የአባትዎ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። መንገዱ ተከፍቷል ማለታቸው ልክ ነው። ስቴንት ግን ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ፣ ከደም ጋር ፊት ለፊት የተጋፈጠ ብረት ነው። የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ማገሩ ቆሟል፣ ምርጊቱ ገና ነው። የደም ሥሩ የውስጥ ሽፋን ቀስ በቀስ አድጎ ብረቱን እስኪያለብሰው ድረስ፣ ፕሌትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ሕዋሳት ያንን ብረት እንደ ቁስል ይቆጥሩትና ሊሰባሰቡበት ይሞክራሉ። ተፈጥሯቸው ነው፤ ጣታችን ሲቆረጥ ደሙን የሚያቆሙልን እነሱ ናቸው። ዛሬ በብዛት የሚገቡት ስቴንቶች በመድኃኒት የተቀቡ ናቸው። ቅቡ ደም ሥሩ ከመጠን በላይ አድጎ እንደገና እንዳይጠብ ይከላከላል፤ በዚያው ልክ ግን ምርጊቱንም ያዘገየዋል። ስቴንት ውስጥ ደም ከረጋ መዘጋቱ የወራት ሳይሆን የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ ከዚያ አደጋ የማይተርፉትም ጥቂት አይደሉም።

ሌላም ነገር አለ። አባትዎን ሌሊት ላይ የጣላቸው የደም ሥራቸው ግድግዳ ላይ የተከማቸው ስብ ድንገት መሰንጠቁና በስንጥቁ ላይ ደም መርጋቱ ነው። ስቴንቱ የደገፈው ያንን አንድ ቦታ ብቻ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ሌሎች ደም ሥሮቹም ተመሳሳይ ክምችት ይዘው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ሁለቱ መድኃኒቶች እነሱንም ይጠብቃሉ። በእግር ሲሄድ ደረቱን የሚያመውና በቀጠሮ ገብቶ ስቴንት የተደረገለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥምሩን 6 ወር ሲወስድ፣ በድንገተኛ ሕመም የመጣ ሰው 12 ወር የሚታዘዝለት ለዚህ ነው። የጎረቤት ልጅ በስድስት ወሩ አቁሟል ብለው አባትዎን ከእሱ ጋር እንዳያወዳድሩ።

እግረ መንገዴን አንድ ቃል ላርም። እነዚህን መድኃኒቶች ሁላችንም፣ ሐኪሞችም ጭምር፣ «ደም ማቅጠኛ» እንላቸዋለን። ደም ግን አይቀጥንም። ደም የሚረጋው በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ የፕሌትሌቶች መሰባሰብ፣ ሌላው በደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች መተሳሰር። ዋርፋሪን ሁለተኛውን ይይዛል፤ አስፕሪንና ጓደኞቹ የመጀመሪያውን። ይህ ልዩነት ዋጋ ተከፍሎበት የተገኘ ነው። አንድሬያስ ግሩንትዚግ እ.ኤ.አ. በ1977 ዙሪክ ውስጥ የልብን ደም ሥር በፊኛ ከከፈተና የመጀመሪያዎቹ ስቴንቶች በ1986 ሰው ውስጥ ከገቡ በኋላ፣ ለዓመታት ታማሚዎች አስፕሪንን ከዋርፋሪን ዓይነት መድኃኒት ጋር ይወስዱ ነበር። ብዙ ይደሙ ነበር፤ ስቴንቱም ከመዘጋት አልዳነም። በ1996 የታተመ የጀርመን ጥናት ፕሌትሌትን በሁለት አቅጣጫ መያዝ ከዚያ የተሻለ መሆኑን አሳየና ነገሩ ተለወጠ። ስለዚህ «ዋርፋሪን ከሚወስድ ዘመዴ ትንሽ ልዋስ» የሚል ሐሳብ ቤታችሁ ከተነሳ፣ በዚያው ይቅር።

አሁን ወደ ምርጫው። አስፕሪን በክርክሩ ውስጥ የለበትም፤ መጠኑ ግን አለበት። ለአባትዎ የሚበቃው በቀን ከ75 እስከ 100 ሚሊ ግራም ነው፤ መድኃኒት ቤት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው 81 የሚል የተጻፈበት ፍሬ እዚህ ውስጥ ይገባል። ትልቁን የ300 ሚሊ ግራም አስፕሪን በየቀኑ መዋጥ ጥበቃውን አይጨምርም፤ የጨጓራ መድማትን ይጨምራል፣ ከቲካግሬሎር ጋር ሲሆን ደግሞ የቲካግሬሎርን ጥቅም ይቀንሳል።

ሁለተኛው መድኃኒት ከሦስት አንዱ ነው፤ ክሎፒዶግሬል፣ ፕራሱግሬል ወይም ቲካግሬሎር። ሦስቱም ፕሌትሌት ላይ ያለውን አንድ በር ይዘጋሉ፤ አዘጋጋቸው ይለያያል። ቲካግሬሎር ተውጦ ወዲያው ሥራውን ይጀምራል፣ በሩን ጠበቅ አድርጎ ይዘጋል፤ ግን ቁልፉን ይዞ የሚቆየው ለሰዓታት ነው፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደውም ለዚህ ነው። ክሎፒዶግሬል ሲዋጥ ገና ጥሬ ነው፤ ጉበት ካላበሰለው አይሠራም። አንድ ጊዜ ከበሰለ ግን የያዘውን ፕሌትሌት ዕድሜው እስኪያልቅ፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ቀን፣ አይለቀውም። ፕራሱግሬል ጠንካራ ነው፤ ከዚህ በፊት ስትሮክ ለመታው ሰው ግን ፈጽሞ አይሰጥም፤ ዕድሜው ከ75 በላይ ለሆነ ወይም ክብደቱ ከ60 ኪሎ በታች ለሆነ ሰውም ትልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ከ60 ኪሎ በታች የሆነ አዛውንት ብዙ ነው። እዚህ ላይ እንተወው።

«ያው ነው» ያሉት የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ተሳስተዋል። «ደካማው ነው» ያሉት ጎረቤታችሁ ለእውነቱ ይቀርባሉ፤ ያስፈራሯችሁን ያህል ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ትልቁ ንጽጽር በ43 አገሮች 18,624 ድንገተኛ የልብ ሕመም የገጠማቸውን ሰዎች ተከታትሏል። በአንድ ዓመት ውስጥ በልብና ደም ሥር ችግር የሞቱት፣ ዳግም የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የገጠማቸው ክሎፒዶግሬል ከወሰዱት ከመቶ 11.7፣ ቲካግሬሎር ከወሰዱት ከመቶ 9.8 ነበሩ። ልዩነቱ ከመቶ ሰው ሁለት ያህል ነው። በሕዝብ ደረጃ ይህ ትልቅ ነው፤ እኔም መድኃኒቱ በእጄ ካለ ለድንገተኛ ሕመም ቲካግሬሎርን አስቀድማለሁ። ነገር ግን ያ ጥናት የሚለካው በየቀኑ ጠዋትና ማታ የተዋጠ ቲካግሬሎርን ነው። ሐሙስ አልቆ ማክሰኞ የተገኘ ቲካግሬሎር በየትኛውም ጥናት ውስጥ የለም። ኃይሉ በቀናት ውስጥ ስለሚጠፋ፣ የተቆራረጠ ቲካግሬሎር ካልተቆራረጠ ክሎፒዶግሬል በእጅጉ የከፋ ነው።

የጎረቤታችሁ ፍርሃት እውነተኛ ሥር ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ክሎፒዶግሬልን ማብሰል የማይችሉ ሰዎች አሉ። የሚያበስለው የጉበት ኢንዛይም በዘር ይለያያል። በኢትዮጵያውያን ላይ በተሠራ ጥናት ኢንዛይሙ እጅግ ደካማ የሆነባቸው ከመቶ አምስት ገደማ ነበሩ። በአንጻሩ ኢንዛይሙን የሚያበረታው ዝርያ በኢትዮጵያውያንና በስዊድናውያን ዘንድ በእኩል መጠን፣ ከቻይናውያን ግን በጣም በበለጠ መጠን ተገኝቷል። እንግዲህ አብዛኛው ሰው መድኃኒቱን ያበስላል። የዘር ምርመራ ካላደረግን አንጀምርም ማለት አያስፈልግም። ክሎፒዶግሬልን በትክክል እየወሰደ ስቴንቱ የተዘጋበት ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ወደ ጠንካራው ይመለሳል።

የአባትዎ ጊዜም ለለውጡ መጥፎ አይደለም። የመዘጋት አደጋ ከፍ የሚለው በመጀመሪያው ወር ነው፤ በዚያ ወር ቢጠይቁኝ ኖሮ ተበድራችሁም ቢሆን ቲካግሬሎሩን አግኙ እል ነበር። ከወሩ በኋላ ግን የመዘጋቱ አደጋ እየቀነሰ ሲሄድ የመድማቱ አደጋ ባለበት ይቀጥላል። በ2021 ውጤቱ የወጣ የደቡብ ኮርያ ጥናት 2,697 ሰዎችን ከአንድ ወር በኋላ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን በቲካግሬሎር ሲያስቀጥል ግማሾቹን ወደ ክሎፒዶግሬል ቀየረ። ክትትሉ ዓመት ሲሞላው ትኩረት የሚሻ መድማት የደረሰባቸው ከተቀየሩት ከመቶ 3.0፣ ካልተቀየሩት ከመቶ 5.6 ሆኑ፤ በደም መርጋት በኩል የተቀየሩት የባሰ ነገር አልገጠማቸውም። ኮርያውያን ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በቀላሉ እንደሚደሙ ስለሚታወቅ ውጤቱን እንዳለ ወደ ሐዋሳ አላመጣውም። በፈረንሳይ የተደረገ አነስ ያለ ጥናትም ግን ወደዚያው ያመለክታል።

አንዳንድ ሐኪም ሌላ መንገድ ሊያነሳላችሁ ይችላል፤ ከሦስት ወር በኋላ አስፕሪኑን አቁሞ ቲካግሬሎርን ብቻውን ማስቀጠል። በ2019 በወጣ፣ 7,119 ሰዎች በተካፈሉበት ጥናት ይህ መድማትን ቀንሷል፤ ሐሳቡም ጥሩ ነው። ለእናንተ ግን አልመክረውም። ቲካግሬሎር ከከተማ በጠፋ ጊዜ አስፕሪንም የሌለው ሰው ስቴንቱን የሚጠብቅለት አንድም ነገር አይኖርም። መድኃኒቱ ሁልጊዜ በሚገኝበት አገር የተፈተነ ምክር፣ በማይገኝበት ቦታ ወጥመድ ይሆናል።

እንዴት ይቀየራል? በደም መርጋትና በመድማት ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች የተስማሙበት መንገድ፣ ከመጨረሻው የቲካግሬሎር ፍሬ 24 ሰዓት ቆጥሮ 600 ሚሊ ግራም ክሎፒዶግሬል በአንድ ጊዜ መስጠት፣ ከማግስቱ ጀምሮ በቀን 75 ሚሊ ግራም መቀጠል ነው። የኮርያው ጥናት ያለዚህ ትልቅ መነሻ መጠን ነው የቀየረው፤ ስለዚህ የመድማት ሥጋት ላለበት ሰው ሐኪሙ መነሻውን ሊቀንሰው ወይም ሊተወው ይችላል። ይህ የሐኪሙ ውሳኔ ነው፤ ቁጥሩን የጻፍኩት ቤት ውስጥ ስምንት ፍሬ ቆጥራችሁ እንድትሰጧቸው ሳይሆን፣ ሐኪሙን ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ እንድታውቁ ነው። ዋናው ነጥብ ይህ ነው፤ ቲካግሬሎር ካለቀ ሦስት አራት ቀን ሆኖት፣ ከዚያ 75 ሚሊ ግራም ክሎፒዶግሬል ብቻ የጀመረ ሰው፣ መድኃኒቱ ሙሉ ኃይሉን እስኪይዝ ተጨማሪ ቀናት ስለሚወስድ አንድ ሳምንት ያህል በአስፕሪን ብቻ ቆየ ማለት ነው። ስለዚህ የቀራችሁ ቲካግሬሎር ከአሥር ቀን በታች ከሆነ ዛሬውኑ ስቴንቱን ወደሠሩት ሐኪም ደውሉ። ሐኪሙን ማግኘት ካልቻላችሁ ሐዋሳ ውስጥ ያለ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስትም ይህን ይሠራዋል፤ የመውጫ ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ ቲካግሬሎር አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥያቄው ውስጥ ባይኖርም ብዙ ሰው ያነሳዋል። ከወሳጆቹ ከመቶ 14 ያህሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ልብም ሳንባም ሲመረመር ደህና ነው፤ ከመድኃኒቱ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜም ቀላል ነው። ሰዉ ግን «ልብ ድካም ያዘኝ» ብሎ ደንግጦ ያቆመዋል። ትንፋሽ ማጠር ሁሉ ከመድኃኒቱ ነው ማለት ስላልሆነ መመርመር ያስፈልጋል። ከመድኃኒቱ መሆኑ ከተረጋገጠና ካስቸገረ፣ መፍትሔው አሁንም መቀየር እንጂ ማቆም አይደለም።

አሁን ጨጓራው። ከደብዳቤው ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ ማንም አደጋ ብሎ አይጠረጥረውምና። ለጨጓራ ባክቴሪያ በየቦታው የሚታዘዘው የተለመደው ጥምር አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል፣ ከእሱም ጋር ባክቴሪያውን የሚገድሉት አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ነው። የታዘዘላቸው ይህ ከሆነ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ከልብ መድኃኒቶቻቸው ጋር ይጋጫሉ። ክላሪትሮማይሲን ቲካግሬሎርን ከሰውነት የሚያስወግደውን ኢንዛይም ያግዳል፤ የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ይከማቻል፣ ሰውየው ይደማል፤ ሁለቱ አብረው መሰጠት የለባቸውም። ያው ክላሪትሮማይሲን ከስቴንት በኋላ ለኮሌስትሮል የሚታዘዙትን ሲምቫስታቲንንና አቶርቫስታቲንንም ያከማቻል፤ ጡንቻን እስከማፍረስና ኩላሊትን እስከመጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ወደ ክሎፒዶግሬል ከተቀየሩ ደግሞ ተራው የኦሜፕራዞል ነው፤ ክሎፒዶግሬልን የሚያበስለውን ያንኑ ኢንዛይም ይይዝበታል። በላቦራቶሪ ይህ ግልጽ ነው፤ በታማሚ ላይ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ግን ባለሙያዎች ይከራከራሉ። ፓንቶፕራዞል ያንኑ የአሲድ ሥራ ስለሚሠራ በክርክሩ ውስጥ የምንገባበት ምክንያት የለም። ፓንቶፕራዞል ይሁን፤ ሁለቱ መድኃኒቶች እስካሉ ድረስም ይቀጥል።

ባክቴሪያውን ተዉት ማለቴ አይደለም። አስፕሪን ከሚወስድ ሰው ጨጓራ ውስጥ ባክቴሪያው ሲጠፋ ቁስሉና መድማቱ ይቀንሳል። ነገር ግን መጀመሪያ መኖሩ ይረጋገጥ። በደም የሚታየው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ከዓመታት በፊት የዳነንም ሰው ባክቴሪያ አለብህ ሊለው ይችላል፤ የሰገራው የአንቲጅን ምርመራ ይሻላል። ከተረጋገጠ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፤ መጀመሪያ የልብ መድኃኒቱ ይቀየርና ይረጋ፣ ከዚያ ክላሪትሮማይሲን የሌለበት ጥምር ይታዘዝ። ሐኪሙ ክላሪትሮማይሲን ግድ ነው ካለ ለእነዚያ ቀናት የኮሌስትሮሉን መድኃኒት ምን እንደሚያደርግ አብሮ ይወስን።

በዚሁ አጋጣሚ ሌሎች ስቴንት የገባላቸው አንባቢዎችም ልብ ይበሉ። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ቲካግሬሎርን ከሰውነት ጠራርጎ ያስወጣዋል። ሪቶናቪር ያለባቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች በተቃራኒው ቲካግሬሎርን ያከማቻሉ፣ ክሎፒዶግሬልን ደግሞ እንዳይበስል ያግዳሉ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ለመናገር የሚከብደውንም ጭምር፣ ለልብ ሐኪማችሁ ንገሩ።

ወደ ጥርሱ ልለፍ። አንድ ጥርስ ለማስነቀል መድኃኒቱ አይቆምም። አንዱም አይቆምም። የድዱ ደም ከተለመደው ትንሽ ይረዝማል፤ በፋሻ ተነክሶ፣ ካስፈለገም ተሰፍቶ ይቆማል። አንድ ታማሚዬ «አምስት ቀን አቁመህ ና» ተብሎ ሁለቱንም አቁሞ ጥርሱን አስነቀለ፤ ድዱ በሰላም ዳነ፣ በሰባተኛው ቀን ግን በደረት ሕመም መጣ። ለጥርስ ሐኪሙ ስቴንቱ መቼ እንደገባ ይነገረው፤ ብዙ ጥርስ ከሆነ በአንድ ቀን አንድ ይነቀል። የሚያሠቃይና መግል የያዘ ጥርስ ሊቆይ አይገባውም፤ የማያሠቃየው ግን ዓመቱ እስኪሞላ ቢጠብቅ ምን አለበት? ለሌላ ትልቅ ቀዶ ሕክምናም እንዲሁ፤ አስቸኳይ ካልሆነ ከጥቅምት በኋላ ይቀጠር።

ከነቀላው በኋላ ለሚመጣው ሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን አይሆኑም፤ በመርፌም በፍሬም። አይቡፕሮፌን አስፕሪን የሚቀመጥበትን ቦታ ቀድሞ ስለሚይዝ አስፕሪኑን ከንቱ ያደርገዋል፤ ሁለቱም ጨጓራን ያደማሉ። የወገብ ሕመም ያለባቸው አባቶች ዲክሎፌናክን ያለ ማዘዣ እንደ ከረሜላ ገዝተው እንደሚውጡ አውቃለሁ። ሐዋሳ ውስጥ ጥቁር ሰገራ ይዘው ከመጡብኝ የስቴንት ታማሚዎች ኪስ ውስጥ ያገኘሁት ብዙ ጊዜ እሱን ነው።

ጾሙን በተመለከተ፣ የመጾምና ያለመጾሙ ነገር በአባትዎና በንስሐ አባታቸው መካከል ነው፤ ስኳር ስላለባቸው ለስኳር ሐኪማቸውም ይንገሩ። እኔን የሚመለከተኝ ፍሬው መዋጡ ነው። ክሎፒዶግሬል ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል፣ በቀን አንዴ ነው፤ ከማታው ምግብ ጋር አስፕሪኑንም ጨምሮ በአንድ ሰዓት ቢያደርጉት ጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢሄድ ምንም አይነካውም። ለሚጾሙ ሙስሊም አንባቢዎችም በረመዳን ይህ አሠራር ይመቻቸዋል። ቲካግሬሎር ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ከተዋጠ ማታም ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ የጠዋቱን ወደ ከሰዓት በኋላ መግፋት አይቻልም። የተረሳ ፍሬ ካለ የሚቀጥለውን በሰዓቱ ይውሰዱ፤ ደርበው አይዋጡ።

አንድ ዓመት የሚለው ለሁሉም አይደለም። የደም ማነስ ያለበት፣ በተለይ ሄሞግሎቢኑ ከ11 በታች የሆነ፣ የጉበት ወይም የከባድ ኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ከዚህ በፊት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የፈሰሰበት ሰው ጥምሩ ወደ ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ወደ አንድ ወር ሊያጥርለት ይችላል። የልብ ምቱ የተዛባና ለዚያ ሌላ ፀረ ደም መርጋት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሦስቱንም አብሮ የሚወስደው ለቀናት ብቻ ነው፤ ከዚያ አስፕሪኑ ይወጣል። አባትዎ ከእነዚህ መካከል መሆናቸውን ለማወቅ አንድ የደም ቆጠራና አንድ የኩላሊት ምርመራ ይበቃል፤ ከሦስት ወር ወዲህ ካልተሠራላቸው ከለውጡ በፊት ይሠራላቸው። ጥርስ ሲፋቅ ትንሽ መድማትና በትንሽ ግጭት የቆዳ መበለዝ የሚጠበቅ ነው፤ ለዚህ አይቆምም። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም የቀላቀለ ትውከት፣ ወይም ድንገተኛ ከባድ የራስ ምታት ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ያስኬዳል። የብረት ፍሬም ሰገራን ስለሚያጠቁር የሚወስዱ ከሆነ ይናገሩ።

ጥቅምት ሲያልቅ ሁለቱም አይቆሙም፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይቆማል፣ ሌላው ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ልማዱ አስፕሪኑን ማስቀረት ነው። ሆኖም በ2021 በ5,530 ሰዎች ላይ የወጣ ጥናት፣ ብቻውን ለሚቀጥለው መድኃኒት ክሎፒዶግሬል ከአስፕሪን እንደሚሻል አሳይቷል፤ ጨጓራቸው ለሚያስቸግራቸው ለእንደ አባትዎ ዓይነት ሰው እኔ የማዘነብለው ወደ ክሎፒዶግሬል ነው። ያን ጊዜ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

የስቴንቱን ቀን በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር አንድ ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ የመውጫ ወረቀቱ አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፓ ስለሚጻፍ «አሥረኛው ወር» የሚለውን ሰኔ ብሎ አንብቦ ከጊዜው በፊት ያቆመ ሰው አጋጥሞኛል። ከቀኑ በታች የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን፣ የሐኪሙን ስልክም ጨምረው በአባትዎ የኪስ ቦርሳ ውስጥ ይክተቱት። ደረታቸውን እንደዚያ ሌሊት ከያዛቸው ወረቀቱን ይዛችሁ ሐዋሳ ውስጥ ወዳለ ቅርብ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ የልብ ምርመራው ኢ ሲ ጂ በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳላቸው። ስቴንቱ አዲስ አበባ ገባ ብላችሁ በራሳችሁ መኪና 275 ኪሎ ሜትሩን አትጀምሩት፤ መላክ ካስፈለገ ሆስፒታሉ ሕክምና ጀምሮላቸው ነው የሚልካቸው።